ፀሐይ ጠልቃ ነበር?

መጽሐፍ ጠራዡ ሽማግሌ ከደረጃው ሥር የተገኘው ረቡዕ ጠዋት ነው። በጎኑ ተኝቷል፤ አንድ እግሩ እግር በማይዞርበት አቅጣጫ ዞሯል፤ ከራሱ ሥር ደግሞ በአራት የታጠፈ የቆዳ ሽርጥ አለ።

ኢንስፔክተሩ ሬሳ ማየት ለምዷል። ያልለመደው ያንን ሽርጥ ነበር። ተንበርክኮ አየው። ጠርዝ ከጠርዝ ገጥሞ፣ እንደ ንጹሕ ፎጣ ተስተካክሎ ነው የታጠፈው። ቀና ብሎ ክፍሉን ቃኘ፤ ሙጫ ሙጫ የሚሸት ጠባብ ክፍል ነው። የመጽሐፍ መጫኛ ብረት፣ የክር ጥቅል፣ ጀርባቸው ተገንጥሎ ተራቸውን የሚጠብቁ መጻሕፍት። ሽርጡ የሚሰቀልበት ምስማር ከወዲያኛው ግድግዳ ላይ ባዶውን ቀርቷል።

«ከዚህ እስከዚያ ስንት እርምጃ ነው?»

ሳጅኗ እየረገጠች ቆጠረች። «ሰባት።»

«በተሰበረ ዳሌ ሰባት እርምጃ ሄዶ፣ ሽርጡን አውርዶ፣ አጣጥፎ፣ ተመልሶ መጥቶ ተኛ?»

«እኔ በደህና ዳሌዬም የአልጋ ልብሴን አላጣጥፍም፣ አለቃ።»

ጠረጴዛው ላይ ሁለት ስኒ በትሪ ተቀምጧል፤ ሁለቱም ታጥበው ደርቀዋል፣ ምንም አልተቀዳባቸውም። ከመደርደሪያው ላይ አቧራ ያልነካው አንድ ክፍት ቦታ አለ፤ የአንድ ወፍራም ደብተር ያህል ስፋት ይሆናል። ግድግዳው ላይ በእጅ የተሠመረ የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል። በእያንዳንዱ ሳጥን ውስጥ ሁለት ቀን ተጽፏል፤ ከላይ ሁሉም ሰው የሚያውቀው፣ ከታች በአይሁድ አቆጣጠር። የማክሰኞው ሳጥን ሥር «ኤሉል 16» ይላል። የመጪው እሁድ ሳጥን ውስጥ በእርሳስ ሁለት ቃላት ተጨምረዋል፦ «ለሁሉም ይነገር»።

ሬሳውን ያገኘው ጎረቤቱ ቁልፍ ሠሪው ደጃፉ ላይ ኮፍያውን እያሻሸ ቆሟል።

«ሽርጡን አንተ ነህ ያደረግህለት?»

«እኔ አልነካሁትም ጌታው። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር፤ አንገቴን አስገብቼ አየሁትና ወደ እናንተ ደወልኩ። ጋሽ ቀጠሮ እኮ ነው! እንዴት ብዬ እነካዋለሁ?»

«ጋሽ ቀጠሮ ነው ስሙ?»

«ሰፈሩ ያወጣለት ነው። የምኩራባቸውን ሰው ሁሉ ሙት ዓመት ደብተሩ ላይ ይጽፋል። በነሱ አቆጣጠር ቀኑ ከዓመት ዓመት ይዘዋወራል አሉ። እሱ አንድ ቀን ቀደም ብሎ በር ያንኳኳል፤ ‹ነገ የእናትሽ ቀን ነው፣ ዛሬ ፀሐይ ስትጠልቅ ሻማሽን አብሪ› ብሎ ይሄዳል። እኔ ከነሱ አይደለሁም፤ የወንድሜን ቀን ግን በየዓመቱ መጥቶ ይነግረኝ ነበር። በኛው አቆጣጠር፣ ለኔ ብሎ።»

«ትናንት ምን ሰማህ?»

«አስር ሰዓት ላይ፣ የሬዲዮው ዜና ሲጀምር፣ ዱብ የሚል ነገር ሰማሁ። ‹ጋሽ ቀጠሮ! ሰላም ነው?› ብዬ ጮህኩ። መልስ የለም። ብረቱን ጥሎት ይሆናል አልኩና ሬዲዮውን ከፍ አደረግኩት።» ኮፍያውን ጨመቀው። «ከፍ አደረግኩት እኮ!»

የጣቢያው አዛዥ ነገሩን ሲሰማ ከወንበሩም አልተነሳ።

«ሰውየው ሰማንያ አንድ ዓመቱ ነው። ደረጃው ገደል ነው። ወደቀ፣ ሞተ። ምን ቀረህ?»

«ሽርጡ ቀረኝ።»

«በሽርጥ ሰው ልትከስ ነው?»

«ሰው ነበረ እያልኩህ ነው! አንድ ሰው ከራሱ ሥር ትራስ አበጅቶለት፣ ስልክ ሳይደውል ወጥቶ ሄዷል። ትራስ አድርጎለት!»

አዛዡ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አንኳኳ። «እስከ ሰኞ። ሰኞ ማታ ይሄ ፋይል ‹ድንገተኛ አደጋ› ተብሎ ይዘጋል። ጩኸትህን ደግሞ በሩን ዘግተህ ጩህ።»

የአስከሬን ሐኪሟ በበኩሏ ነገር አታሳምርም። ወድቆ እንጂ ተመትቶ አልሞተም፤ የገፋውም ሰው ምልክት የለም አለች። ዳሌው ተሰብሮ ውስጥ ለውስጥ ቀስ እያለ ደምቷል። «ከወደቀ በኋላ ከአንድ ሰዓት በላይ፣ እስከ አራት ሰዓት ቢሆንም አይገርመኝም፣ በሕይወት ነበር። ነፍሱን አውቆ ይናገር ነበር ብዬ ነው የማስበው።»

«ሰው ቢጠራለት ኖሮስ?»

«ዛሬ አልጋ ላይ ቁጭ ብሎ አስታማሚዎቹን ይሰድብ ነበር።»

የሞት ወረቀቱ ላይ ግን «ማክሰኞ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት» ተብሎ ተጽፏል። የአስከሬን ክፍሉ ጸሐፊ ቁልፍ ሠሪው ዱብ የሚለውን ድምፅ የሰማበትን ሰዓት ገልብጣ ነው። ኢንስፔክተሩ ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ አየው። ሚስቱን ከቀበረ ስምንት ወሩ ነው። የሷም ወረቀት ላይ ያለው ሰዓት ሐኪሙ ለመፈረም የመጣበት ሰዓት ነው፤ እጇ በእጁ ውስጥ የቀዘቀዘው ከዚያ በፊት ነበር። ወረቀት ላይ የሚሰፍረው የፈራሚው ሰዓት እንደሆነ ያን ቀን ተምሯል።

«እንዳለ ይቆይ» አላት ጸሐፊዋን። «የሚጠይቅ ካለ አስር ሰዓት በሉ። ሐኪሟ ያለችው ከዚህ ክፍል እንዳይወጣ።»

የሟች ልጅ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ናት። የደንብ ልብሷን እንደለበሰች፣ የአውቶቡሱን ቁልፍ በጣቷ እያሽከረከረች መጣች። አላለቀሰችም። ተቀመጪ ሲሏትም አልተቀመጠችም።

«አንድ ነገር ብቻ ንገሩኝ። አባቴ ብቻውን ነው የሞተው?»

«ገና አላወቅንም፣ እህቴ።»

«አስር ሰዓት ላይ ነው ብላችሁኛል። አስር ሰዓት ላይ እኮ በሱ በር ነው ያለፍኩት። ጡሩምባ ነፋሁለት። ሁልጊዜ እነፋለታለሁ።» ቁልፉ በእጇ ውስጥ ቆመ። «የሚጠላው ሰው እንዳለ ልትጠይቁኝ ነው አይደል? የአጎቴን ልጅ ጠይቁት። ክፍሉን አስለቅቆ ፎቶ ኮፒ ቤት ሊያደርገው ስንት ጊዜ ተጨቃጭቋል።»

የአጎቷ ልጅ ላቡን እየጠረገ ቀረበ። ማክሰኞ ቀኑን ሙሉ ሱቄ ነበርኩ አለ። ሳጅኗ ሱቁ ማክሰኞ ከሰዓት ተዘግቶ እንደዋለ ከሦስት ሰው ሰምታለች፤ ነገረችው። ሰውየው ቀላ፣ ጠቆረ፣ ወለሉን አየ።

«ለሷ አትነግሩብኝም?»

«ለማን?»

«ለሾፌሯ። መንጃ ፈቃድ ፈተና ላይ ነበርኩ። ከዘጠኝ እስከ አንድ ሰዓት ወረፋ ጠብቄ... ለአራተኛ ጊዜ ወደቅኩ። ከሰማች ዕድሜ ልኬን መሳቂያ ታደርገኛለች።»

ፈታኙ ሲጠየቅ አረጋገጠ። «እሱን እንዴት እረሳዋለሁ? የቢሮአችንን አጥር ገጭቶብናል እኮ።»

ሐሙስ ከሰዓት ኢንስፔክተሩና ሳጅኗ ምኩራቡ ሄዱ። ጸሐፊው ሸሚዙ የተተኮሰ፣ አነጋገሩ የተለካ፣ ሃምሳ ዓመት የሞላው ሰው ነው። ቢሮው ውስጥ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ማተሚያ፣ ጥግ ላይ ደግሞ አሮጌ የእንጨት ሣጥን አለ።

«ደብተር ድሮ ቀረ» አለ ጸሐፊው በትሕትና ፈገግ ብሎ። «ሰው ሲያርፍ የሞተበትን ቀን ድረ ገጹ ላይ አስገባለሁ። ገጹ ወደኛ አቆጣጠር ይለውጠዋል፤ የሚቀጥለውን ሃያ ዓመት ሙት ዓመት አስልቶ ያወጣል። አትሜ ለቤተሰቡ እልካለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ስሠራ ከዚህ ክፍል አንድ ስህተት አልወጣም።»

«ጋሽ ቀጠሮ ግን በደብተሩ ቀጠለ?»

«ነፍሱን ይማርና፣ እናከብረው ነበር። ሽማግሌ ምን ያድርግ፣ የለመደውን ነው።»

«ማክሰኞ የት ነበሩ?»

«ከስምንት እስከ አስር ተኩል ስብሰባ ላይ። ሰባት ሰው ይመሰክራል። ከዚያ ቤቴ ገባሁ። እሱ ጋ ከሄድኩ ሳምንት አልፎኛል።»

ሳጅኗ ወደ ሣጥኑ ጠጋ አለች። «ይሄ ምንድነው?»

«ያረጁ የጸሎት መጻሕፍት ናቸው። የፈጣሪ ስም ያለበት ወረቀት አይጣልም፣ አይቃጠልም። ሲሞላ ወስደን እንቀብረዋለን።»

ሰባቱም ሰዎች መሰከሩለት። አስር ሰዓት ላይ ስለ ጣሪያው ፍሳሽ እየተናገረ ነበር። ቁልፍ ሠሪው ሱቁ ውስጥ ደንበኛ ነበረው፤ ልጅቷ መሪ ይዛ ነበር፤ የአጎቷ ልጅ አጥር እየገጨ ነበር። ዓርብ ሲመሽ ኢንስፔክተሩ ያዘጋጀው ዝርዝር ውስጥ ሁሉም ሰው አስር ሰዓት ላይ ሌላ ቦታ ነበር። ወረቀቱን ጨምድዶ ወረወረው።

እሁድ ጠዋት ሾፌሯ የጣቢያውን በር በትከሻዋ ገፍታ ገባች። በእጇ የተከፈተ ፖስታ ይዛለች።

«የአባቴን የግድግዳ መቁጠሪያ መልሱልኝ! አሁኑኑ!»

«ምን ተፈጠረ?»

«ይሄ ጸሐፊ ተብዬ!» ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ በመዳፏ መታችው። «የሃያ ዓመት ሙት ዓመት አስልቼልሻለሁ ብሎ ላከልኝ። የመጀመሪያውን መስመር አንብቡት!»

ኢንስፔክተሩ አነበበ። «ኤሉል 17።»

«ማክሰኞ አስራ ስድስት ነበር! አባቴ ግድግዳው ላይ በገዛ እጁ ጽፎታል። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ቀን እንዳይጠፋ ደጅ ለደጅ ሲዞር የኖረ ሰው፣ የራሱን ቀን ይሳሳቱበት? ሃያ ዓመት ሙሉ በተሳሳተ ቀን ሻማ ላበራለት ነው? ዓይኑን በጨው አጥቦ ደግሞ ‹በጥንቃቄ የተዘጋጀ› ብሎ ፈርሞበታል!»

ሳጅኗ ኮምፒውተሯን ወደ ራሷ አዞረች። «ቆይ፣ እኛም እንየው። የትኛው ገጽ ነው?»

የማክሰኞውን ቀን አስገባች። «ኤሉል 16» ብሎ ወጣ። ሌላ ገጽ ከፈተች፤ ኤሉል 16። ሦስተኛም ከፈተች፤ ያው።

«አላልኩም?» አለች ሾፌሯ።

«አንዳንድ ዓመት አንድ ወር ይጨመራል ይላል እዚህ» አለች ሳጅኗ እያነበበች። «ምናልባት በሱ ተምታቶበት...»

«እሱ ወር ነው የሚጨምረው እንጂ አንድ ቀን አይደለም። ደግሞ ኤሉል ላይ ምን አገናኘው?»

«እሺ፣ እሺ። ይቺ ትንሽ ሳጥን ደግሞ ምን ትላለች?» ሳጅኗ ወደ ስክሪኑ ተጠጋች። ቀኑ ከሚጻፍበት ሥር፣ ደቀቅ ባለ ፊደል አንድ መስመር ነበር፦ «ከፀሐይ መጥለቅ በኋላ»። ራይት አደረገችበት።

ኤሉል 17።

መጀመሪያ የተናገረችው ሾፌሯ ናት፤ ድምፅዋ ቀስ ብሏል። «በኛ ቀኑ የሚጀምረው ከዋዜማው፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። ማክሰኞ ከጨለመ በኋላ የሞተ ሰው የረቡዕ ሟች ነው። አባቴ ግን አስር ሰዓት ላይ ነው የሞተው። በጠራራ ፀሐይ!»

ኢንስፔክተሩ ከወንበሩ ተነሳ። ሐኪሟ ያለችውን ያወቁት እሱ፣ ሳጅኗ፣ ሐኪሟና ጸሐፊዋ ብቻ ናቸው። ለልጅቷም፣ ለሰፈሩም፣ ለምኩራቡም የተነገረው አስር ሰዓት ነው።

«እህቴ፣ ለጸሐፊው አባትሽ የሞተበትን ሰዓት ማን ነገረው?»

«እኔ ራሴ። አስር ሰዓት አልኩት። እንዲያውም ደገመልኝ።»

«ይሄን ወረቀት ለማንም እንዳታሳዪ። አንድ ቀን ብቻ ታገሺኝ።»

አየችው፣ አየችው። «ምን አገኘህ?»

«ነገ እነግርሻለሁ። ዛሬ ብናገር እጄን ሰብስቤ የምቀመጥ አይመስለኝም።»

ሰኞ ጠዋት ጸሐፊው በሩ ላይ በትሕትና ተቀበላቸው። ኢንስፔክተሩ ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

«ዛሬ ለሥራ ብቻ አይደለም የመጣሁት። ሚስቴ ከስምንት ወር በፊት ነው ያረፈችው። የናንተ ሰዎች አይደለንም፤ የጋሽ ቀጠሮን ነገር ስሰማ ግን በናንተ አቆጣጠር የሷ ቀን መቼ እንደሚውል ማወቅ አማረኝ። ያሰሉልኛል?»

የጸሐፊው ፊት በራ። «ምን ችግር አለው! ቀኑን ይንገሩኝ።»

ነገረው። «ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ነው» ብሎ ጨመረ። ይህን ሲል ድምፁ ሳይፈልግ ተሰበረ፤ ውሸት አልነበረምና።

ጸሐፊው ቀኑን አስገባ። ከዚያ ጣቱ ሳያመነታ ወደ ትንሿ ሳጥን ሄደ፤ ራይት አደረገ።

«ይቺ ምንድናት?»

«ከፀሐይ መጥለቅ በኋላ ስለሆነ ነው። ይህን ካላደረጉ ቀኑ በአንድ ይሳሳታል። ዋናው ነገር እሱ ነው።»

«በቀን ለሞተ ሰውስ?»

«አይደረግም፤ ይሳሳታላ!»

«እና ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚሠሩት? አሥራ አንዱን ዓመት?»

«ሁልጊዜ።»

«ዝርዝርዎን ማየት ይቻላል? እያንዳንዱ ስም ሲገባ ይቺ ሳጥን ምን እንደነበረች ገጹ ይይዛል አሉ።»

የጸሐፊው እጅ ማውሱ ላይ ቀረ። ሳጅኗ ፈቃድ አልጠበቀችም፤ የፍተሻ ትእዛዙን ጠረጴዛው ላይ አኑራ ወንበሩን ገፋ አደረገችና ስክሪኑ ፊት ተቀመጠች። ስሞቹ መውረድ ጀመሩ። ከእያንዳንዱ ስም ጎን አንድ ቃል አለ።

«አይ» አለች ሳጅኗ። «አይ። አይ። አይ። አለቃ፣ ሦስት መቶ አርባ ሁለት ስም ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት መቶ አርባ አንዱ ‹አይ› ናቸው። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ምሽት ላይ የሞተ አንድም ሰው የለም ማለት ነው። ጉድ ነው! እዚህ ሰፈር ሰው በቢሮ ሰዓት ብቻ ነው የሚሞተው?»

«የመጨረሻውስ?»

«‹አዎ።› ጋሽ ቀጠሮ። የገባው ሐሙስ ጠዋት።»

የጸሐፊው ፊት ዐመድ መሰለ። «ተሳስቼ... እጄ ነክቶት ይሆናል።»

«እጅዎ አልተሳሳተም። አሁን በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ እንደ ባለሙያ ነው የሚሄደው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያላወቋትን ሳጥን ባለፈው ሳምንት ማን አስተማረዎት? ደግሞስ ሰው ሁሉ አስር ሰዓት ሲል፣ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ መሞቱን ማን ነገረዎት?»

ኢንስፔክተሩ ወደ ጥጉ ዞረ። ያንን ሣጥን ሐሙስ ዕለት በዓይኑ አልፎት እንደነበር አስታወሰና በራሱ ተናደደ። ክዳኑን አነሳ። የተቀዳደዱ የጸሎት መጻሕፍትን አንድ በአንድ እያወጣ ወለሉ ላይ በክብር ደረደረ። ከሥር፣ በአዲስ ቆዳ የተጠረዘ ወፍራም ደብተር ተገኘ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ በትልቁ የፈጣሪ ስም ተጽፏል።

«ማቃጠል አልቻሉም» አለ ኢንስፔክተሩ። «ስሙ አለበት።»

ደብተሩን ገለጠ። ስም፣ ቀን፣ ሰዓት፤ ስም፣ ቀን፣ ሰዓት። ዘጠና ሰባት ስሞች በቀይ ተሠምሮባቸዋል፤ አጠገባቸው «ገጹ ላይ በአንድ ቀን ተሳስቷል» ይላል። መጨረሻው ላይ ደግሞ ለአንድ ሰው የተጻፈ የሚመስል መስመር አለ፦ «ቀኑ ከሚጻፍበት ሥር ትንሽ ሳጥን አለች፤ ለምሽት ሟች እሷን ራይት አድርግ። አትዘን፤ ማንም ሊያመልጠው ይችላል።»

ጸሐፊው አንገቱን ደፋ። ሲናገር ድምፁ አሁንም የተለካ ነበር፤ ኢንስፔክተሩን ከሁሉ በላይ ያንገበገበው ይኸው ነው።

«ከስብሰባው በኋላ ና፣ የማሳይህ ነገር አለ ብሎኝ ነበር። አስራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ላይ ደረስኩ። ወለሉ ላይ ነበር። ‹ወደቅኩ፣ ሰው ጥራልኝ› አለኝ። እሺ አልኩት። ሽርጡን ከራሱ ሥር አደረግኩለት።»

«ከዚያስ?»

«ደብተሩ አጠገቡ ወድቆ ነበር። አንድ ገጽ ብቻ አየሁ። የመጀመሪያው ቀይ መስመር የእናቴ ስም ነበር።» ትንፋሽ ወሰደ። «የገዛ እናቴን አሥር ዓመት በተሳሳተ ቀን ነው ያሰብኳት። የራሴው እጅ ነው የጻፈው። እሁድ ለሁሉም ሊነግር ነበር። በዘጠና ሰባት ቤተሰብ ፊት። እኔ በምን ዓይኔ...»

«እሱ ምን ይል ነበር?»

«‹ደብተሩን ኋላ ታየዋለህ፣ መጀመሪያ ስልክ ደውል› አለኝ። ደጋግሞ። አንድ ገጽ ብቻ፣ አንድ ገጽ ብቻ እያልኩ... ቀና ስል መስኮቱ ጠቁሯል።»

«ጠይቄሃለሁ፤ ሌላ ምን አለ?»

«ውሃ አለ።» ጸሐፊው ዓይኑን ጨፈነ። «ኋላ ላይ ዝም አለ። ወጥቼ ሰማዩን አየሁ፤ ተመልሼም ትንፋሹን አዳመጥኩ። ሲያበቃ ሦስት ከዋክብት ወጥተው ነበር፤ በኛ መምሸቱ የሚረጋገጠው በዚያ ነው። ስለ ቀኑ ጥርጥር የለኝም፤ አስራ ሰባት ነው። እኔን የፈለጋችሁትን አድርጉኝ፤ የሞተ ሰው ቀን ላይ ግን አልዋሽም።»

ኢንስፔክተሩ ጠረጴዛውን በጡጫ መታው። ማተሚያው ዘለለ።

«ሲሞት ነው የታመንክለት? ሰውየው ሁለት ሰዓት ሙሉ ሕያው ሆኖ ውሃ ሲለምንህ እውነትህ የት ነበረች? ስኒ አጥቦ ነው የጠበቀህ! ‹አትዘን› ብሎ ጽፎልሃል! ኮከብ ልትቆጥር ከምትወጣ ደጁ ላይ ቆመህ አንድ ጊዜ ብትጮህ ቁልፍ ሠሪው ይሰማህ ነበር!»

ሳጅኗ ክንዱን ያዘችው። «በቃ፣ አለቃ። በቃ።»

ኢንስፔክተሩ ወደ መኪናው ገባ። በሩን ከዘጋ በኋላ ነው የተነፈሰው። «አምስት ቀን ሙሉ ‹አስር ሰዓት ላይ የት ነበርክ› እያልኩ ሰው ሳደክም ነበር። ማን ገፋው ብዬ ጠየቅኩ፤ ማን ዝም አለው ብዬ አልጠየቅኩም።»

አዛዡ ፋይሉን ሁለት ጊዜ አነበበ። «ድንገተኛ አደጋ» የሚለውን ቃል በገዛ እጁ ሰርዞ መለሰለት።

ሾፌሯ ከሰዓት በኋላ መጣች። ኢንስፔክተሩ ሁሉንም ነገራት፤ ውሃውንም አልደበቀም። ለመደበቅ ሞክሮ ነበር፤ «ምን አስቀረህብኝ?» ስትለው አቃተው። ቆማ ነበር የምትሰማው። ሲጨርስ ተቀመጠች።

«ብቻውን ነው ወይ የሞተው ብዬህ ነበር» አለች። «ብቻውን ቢሆን ይሻል ነበር።»

ኢንስፔክተሩ ወንበሩን ወደ እሷ አስጠጋ።

ከኪሷ ያን ወረቀት አወጣች። የኤሉል 17 ዝርዝር ነው። «ስለዚህ ትክክል ነው። ይሄ... ይሄ ሰው የጻፈው ትክክል ነው። በየዓመቱ የአባቴን ቀን ከሱ እጅ ልቀበል ነው?» ወረቀቱን ለሁለት ቀደደችው፤ ከዚያ ለአራት። «አልቀበልም! ቀኑ የአባቴ ነው እንጂ የሱ ስጦታ አይደለም!»

ኢንስፔክተሩ የሐኪሟን ሪፖርት አወጣ፤ የሞት ወረቀቱንም፣ «10 ሰዓት» የሚለው ተሰርዞ «ከምሽቱ 1 ሰዓት ገደማ» ተብሎ የታረመውን። ሁለቱን ፊቷ አኖረና ኮምፒውተሩን ወደ እሷ አዞረው።

«እንግዲያው ራስሽ አስገቢው።»

በሁለት ጣት፣ ፊደሎቹን አንድ በአንድ እየፈለገች ጻፈች። ማክሰኞ። ቀን። ወር። ዓመት። ሳጥኗ ላይ ስትደርስ ቆመች። አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። ከዚያ ራይት አደረገች።

ኤሉል 17። ሃያ መስመር ወረደ።

«ደብተሩስ?»

«ማስረጃ ስለሆነ እኛ ጋ ይቆያል። ይሄ ግን ያንቺ ነው።» ሳጅኗ ከምኩራቡ እንደተመለሱ ቆማ ያባዛችውን ወረቀት ሰጣት። ሾፌሯ ገለጠችው። ከቀዮቹ መስመሮች በኋላ ሌላ ጥቂት ስሞች አሉ፤ በሰዓቱ ቦታ ላይ ሁሉም «ይጠየቅ» ይላሉ። ጋሽ ቀጠሮ ያልደረሰባቸው ናቸው።

«ትናንት እሁድ ነበር» አለች ሾፌሯ። «ለሁሉም ይነገር ያለው።»

«አንድ ቀን ነው የዘገየው።»

ከሚጠየቁት የመጀመሪያውን ስም በጣቷ ያዘች፤ ከጎኑ የተጻፈውን የስልክ ቁጥር አየች፤ የጣቢያውን ስልክ ሳትጠይቅ ወደ ራሷ ጎተተች። ኢንስፔክተሩ ሊወጣ ተነሳ። እንዲቀመጥ በእጇ ጠቆመችው።

«ሃሎ፣ እማማ? የጋሽ ቀጠሮ ልጅ ነኝ። አዎ፤ እግዜር ያጽናን። ስለ ባለቤትዎ ነበር። ትንሽ የሚያስቸግር ጥያቄ ልጠይቅዎት፤ ባረፉበት ቀን ፀሐይ ጠልቃ ነበር?»

ከወዲያ በኩል የአንዲት አሮጊት ድምፅ፣ ጥያቄውን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስትጠብቅ እንደኖረች ሁሉ፣ ጥርት ብሎ መጣ።

«መብራት አብርቼለት ነበር፣ ልጄ። ፊቱን እንዳየው ብዬ።»

ሾፌሯ በአንድ እጇ ስልኩን እንደያዘች፣ በሌላው የሟቹን ቀን አስገብታ ሳጥኗ ላይ ራይት አደረገች።